የሚቀጣኝ ሰፈር ፍለጋ

ቤት ፍለጋ ወጥታችሁ፣ ቤቱን አግኝታችሁ ሰፈሩን ያጣችሁበት ጊዜ የለም? እስቲ እውነቱን ንገሩኝ… ደላላው “ውሃ አለው፣ መብራት አለው፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው” እያለ ሲያዞራችሁ፣ “ከአጥሩ ወዲያ ያለው ሰውዬ ሰላምታ ይመልሳል ወይ?” ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም! እኔም አላውቅም ነበር። ሰው ቤት የተከራየ ይመስለዋል እንጂ የሚከራየው ጎረቤት ነው። ጣሪያ ቢያፈስ ላስቲክ ይደረግበታል፤ የተኮሳተረ ጎረቤት ምን ይደረግበታል?

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳችሁ። አስተማሪ ነኝ፤ በቅደም ተከተል ካላስረዳሁ ምሳዬ አይፈጭልኝም።

ዘንድሮ ከኮምቦልቻ ወደ ሐይቅ ከተማ ተዛወርኩ። ለእኔ ብቻ ቢሆን ችግር አልነበረም፤ ጥቁር ሰሌዳና ፍራሽ ካለ እኖራለሁ። ችግሩ እናቴ ናት። እናቴ ከሰው ጋር ካላወራች የምትታመም ሴት ናት። ማጋነኔ አይደለም! አንድ ክረምት ጉንፋን ድምጿን ዘግቶት ነበር፤ ጉንፋኑ ሳይሆን ዝምታው ሊገድላት ደረሰ። አባቴ ካረፈ ወዲህ የምንኖረው ሁለታችን ነን፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ብቻዋን ትቻት ልሄድ አልችልም። አብረን እንሂድ ብዬ ለመንኳት።

“እሺ፣ እመጣለሁ” አለች። “ግን ሰው የሌለበት ሰፈር ካስገባኸኝ በመጣሁበት ሚኒባስ እመለሳለሁ። እዚሁ ኮምቦልቻዬ ብቻዬን ልሁን።”

“ኧረ እማዬ፣ እንደሱ አይባልም…”

“ብያለሁ!”

እናቴ ብያለሁ ካለች፣ ብላለች። እሁድ ልትመጣ ተቀጣጠርን። እኔ ደግሞ ገና ቤት የለኝም፤ የባልደረባዬ ሳሎን ውስጥ ከእኔ በሚያጥር ሶፋ ላይ ተጣጥፌ ነው የማድረው።

እንግዲህ የሳይንስ አስተማሪ ሲቸግረው ምን ያደርጋል? መላምት፣ ሙከራ፣ ድምዳሜ! መላምቴ ይህ ነበር፦ ጥሩ ሰፈር ማለት ዕቃ የሚዋሱበት ሰፈር ነው። ሙከራው፦ በር አንኳኩቶ ወንፊት መዋስ። ለምን ወንፊት? ጥሩ ጥያቄ ነው። ጨው ብጠይቅ “ሱቁ ያውልህ” እባላለሁ። መጥረቢያ ብጠይቅ ፖሊስ ይጠራብኛል። ወንፊት የጠየቀን ወንድ ግን ማንም አይፈራውም፤ ቢበዛ ያዝኑለታል።

መጀመሪያ የሄድኩት ከአስፋልቱ በላይ ወዳለው አዲስ ሰፈር ነው። ዓረብ አገር ያሉ የሐይቅ ልጆች ያሠሯቸው ቤቶች በመስታወትና በወርቃማ የብረት በር ያብረቀርቃሉ። አንዱን አንኳኳሁ።

“ማነው?” አለኝ በሩ።

ደንግጬ ወደኋላ አልኩ። ቀና ስል በሩ አናት ላይ ዓይኗን ያፈጠጠች ትንሽ ካሜራ አለች። የምታናግረኝ ሴት ድምፅ የሚወጣው ከሷ ነው።

“ጎረቤት… ማለቴ፣ ጎረቤት ልሆን የማስብ ሰው ነኝ። ወንፊት ልዋስ ብዬ ነበር።”

“ወንፊት?! ኧረ ወንድሜ፣ እኔ እኮ ዱባይ ነኝ!”

“ይቅርታ እህቴ፣ ከሥራ አስተጓጎልኩሽ።”

“አብሽር፣ እረፍት ላይ ነኝ። እስቲ ትንሽ ወደ ግራ ፈቀቅ በልልኝ… ሐይቁን ጋረድከኝ እኮ!”

ፈቀቅ አልኩ።

“ማሻአላህ! ዘንቧል እንዴ?”

“ትናንት ዘንቧል። ሰፈሩ እንዴት ነው? ጎረቤቶችሽስ?”

“ወሏሂ ወርቅ ናቸው! የቀኙ ጂዳ ነው፣ የግራዋ ኩዌት ናት፣ ፊት ለፊት ያሉት ቤይሩት ናቸው። ሳንደዋወል አናድርም!”

ከዚህች ልጅ የተሻለ ተጫዋች ጎረቤት በዕድሜዬ አላጋጠመኝም። ሥራዬን ጠየቀችኝ፣ የእናቴን ጉልበት ጠየቀችኝ፣ መርቃ ሸኘችኝ። ግን እናቴ ወንፊት ባማራት ቁጥር ፓስፖርት ልታወጣ ነው? ድምዳሜ፦ ሰፈሩ ሸጋ፣ ሰዎቹ ሸጋ፣ የሉም።

ቀጥሎ ወደ መናኸሪያው አካባቢ ወረድኩ። እዚያ ያገኘኋቸው አከራይ የቁልፍ ዘለላ ጣታቸው ላይ የሚያሽከረክሩ፣ ከነቁልፋቸው የተወለዱ የሚመስሉ ሰውዬ ናቸው።

“ከማን ጋር ነው የምትኖረው?”

“ከእናቴ ጋር።”

“ሸጋ! እናት በረካ ናት። እንግዳ ይበዛባታል?”

“እዚህ አገር ገና ማንንም አታውቅም።”

“አልሐምዱሊላህ! ሰላምተኛ ናት?”

እዚህ ላይ ተሳሳትኩ። ደረቴን ነፍቼ “በጣም!” አልኩ። “መንገደኛ አስቁማ የልጆቹን ስም ትጠይቃለች!”

የቁልፉ ዘለላ መሽከርከሩን አቆመ። “ያለፈችዋ ተከራይም እንደዚያው ነበረች። ዛሬ ሰላም አለች፣ ነገ ሰላም አለች… ሳልነቃ ግቢዬ ገበያ ሆነ። ልጄ፣ ሌላ ቦታ ሞክር።”

ወንፊቱን ለመጠየቅ እንኳ ፋታ አልሰጡኝም።

ቅዳሜ ጠዋት የቀረኝ ሰፈር በሐይቁ በኩል ያለው፣ በጭቃና በቆርቆሮ የተሠሩ ቤቶች የተጠጋጉበት ሰፈር ነበር። ስደርስ በሮች ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ ሰው ግን የለም! አንዱ ደጃፍ ላይ ግማሹ የተቀነጠሰ ጎመን ሰፌድ ላይ ተትቷል። አንዱ ቤት ውስጥ ሬዲዮ ለራሱ ያወራል። አንዲት ፍየል በረንዳ ላይ ተኝታ እንደ ባለቤት አየችኝ። “ቤቶች!” አልኩ። ፍየሏ ፊቷን አዞረች። ሰው ያለበት ሰፈር ስፈልግ፣ ሰው ጥሎት የጠፋ ሰፈር ገባሁ! ስልኬ ጮኸ፤ እናቴ ናት። “ነገ በጠዋቱ መኪና ነው የምነሳው” አለችኝ። “ሰው አለ አይደል?” ፍየሏን አየኋትና “ይኖራል…” አልኩ።

ስልኩን ኪሴ ሳልከተው ከቅያሱ ሰይድ የሚባል የባጃጅ ሹፌር ብቅ አለ። (ስሙን ያወቅሁት በኋላ ነው።) ረጅም አግዳሚ ወንበር መሬት ለመሬት እየጎተተ ነው።

“ምን ቆመህ ታያለህ! ያንን ጫፍ ያዝ እንጂ!”

ያዝኩ። ምን ልበል? ወንበሩን ተሸክመን ታችኛው ግቢ ስንደርስ ሰፈሩ ሁሉ ለካ እዚያ ነው! ሀጂ ይመር የሚባሉ አዛውንት ሌሊቱን አርፈው፣ ቅሬው ወጥቷል። ለማታውቁት ላስረዳ፦ ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ሰው ሲሞት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የያዘውን ጥሎ ይወጣል፤ ጎመንም ቢሆን፣ ሬዲዮም ቢሆን። ያልወጣ ይቀጣል።

የቅሬው ዳኛ ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ጥምጣማቸውን አጥብቀው ድንኳን ያስተክላሉ። አንደኛው ምሰሶ ሥሩ ተሰብሮ አልቆም ብሏል። ዞር ሲሉ እኔን አዩ።

“አንተ ረጅሙ! ና ይህን ያዝ። ከመቃብር ስንመለስ እናስረዋለን።”

ያዝኩ። ሄዱ። ቀብረው ተመለሱ። ድንኳኑ ውስጥ ተደርድረው ተቀመጡ። ምሰሶውን ማሰር የሚባለውን ነገር ሁሉም ረሳው፤ እንዲያውም ጋሽ እንድሪስ “ጎበዝ” በሚል ዓይን አይተውኝ ቁጭ አሉ። ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ሸራውን ይነፋዋል፣ እኔ በሁለት እጄ ምሰሶውን አቅፌ እንደ ሰንደቅ እወዛወዛለሁ። “ቤት ልከራይ መጥቼ ነው” ለማለት ደግሞ ለቅሶ ቤት ነው… እንዴት ይባላል?

ከዚያ ሼሁ ዱዓ ጀመሩ። እኛ አገር ዱዓ ሲደረግ፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን፣ መዳፉን ዘርግቶ አሚን የማይል ሰው የለም። እጁን ያልዘረጋ ሰው ምርቃቱ አልፎት የሚሄድ ይመስለዋል። እጅ በራሱ ነው የሚነሳው!

“ለሟች ጀነትን!”

“አሚን!” በአፌ ብቻ።

“ለታመመ ዓፊያውን!”

“አሚን!” የእናቴን ጉልበት አስቤ ጣቶቼ ተንቀሳቀሱ። ቻልኩት።

“ላላገባ ትዳሩን!”

አንድ እጄ አመለጠኝ። ምን ላድርግ፣ ወጣት ነኝ! ምሰሶው አጋደለ፤ በሌላው እጄ ያዝኩት።

“ቤት ለሌለው ቤቱን!”

“አሚን!!” አልኩ፤ በሁለት እጄ።

ድንኳኑ እንደ ደከመው ግመል መጀመሪያ ተንበረከከ፣ ከዚያ ተኛ። ሰፈሩ ከነዳኛው ሸራ ሥር ገባ። ጠርዙ ላይ ስለነበርኩ ከሸራው ውጭ ቆሜ የቀረሁት እኔ ነኝ፣ እጆቼን ወደ ሰማይ እንደዘረጋሁ። ከሸራው ሥር ክርን ይጓዛል፣ ጉልበት ይነሳል፣ አንድ ቦታ ላይ ጥምጣም የሚመስል ነገር ይዞራል። ከመሃል የሼሁ ድምፅ ሳይቋረጥ ወጣ፦

“ለዚህ ድንኳን ደግሞ ምሰሶውን!”

“አሚን!” አለ ሸራው።

በረንዳው ላይ ከሴቶቹ መሃል የሟች ባለቤት እትዬ ዘሀራ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አልቅሰው አልቅሰው ሊሞቱብኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ነጠላውን ሲያነሱት እየሳቁ ነው!

“ኧረ በአላህ… ይመር ይህን ሳያይ ይሂድ!” አሉና እንባቸውን ጠረጉ። ሴቶቹም አብረው ሳቁ፣ አብረውም አለቀሱ።

ጋሽ እንድሪስ ጥምጣማቸው አንገታቸው ላይ ወርዶ ከሸራው ወጡ። ሸራው ከጫፉ ጀምሮ ክፉኛ ተቀዷል።

“የማን ልጅ ነህ አንተ?”

እዚህ ላይ ጉድ ፈላ። የሀጂ ይመር ዘመዶች የእትዬ ዘሀራ ወገን መስያቸው ኖሯል። የእትዬ ዘሀራ ወገኖች ከውጫሌ የመጣ የሀጂ ይመር ዘመድ ብለውኛል። ሁሉም አየኝ። እኔም ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳሁ፦ መላምቱን፣ ወንፊቱን፣ ዱባይን፣ ቁልፉን፣ ፍየሏን ሳይቀር።

“ጨረስክ?” አሉ ጋሽ እንድሪስ። “በደንባችን የቅሬ ንብረት ያበላሸ ይቀጣል። ድንኳኑን ይሰፋል፤ በሚቀጥለውም ለቅሶ ምሰሶ ይይዛል።”

ሰይድ እጁን አወጣ። “ጋሼ፣ የሚቀጣው እኮ አባል ነው። ይሄ አባል አይደለም።”

“አባል ካልሆነ ምሰሶ ይዞ ምን ያደርጋል?”

“ያዝ ያሉት እርስዎ ነዎት!”

ጋሽ እንድሪስ ጥምጣማቸውን ቀስ ብለው ጠመጠሙ። ጊዜ መግዛታቸው ነበር። “እንግዲያው እንግዳ ነው። እንግዳ አይቀጣም። አብሽር ልጄ፣ አፉ ብለንሃል። በሰላም ሂድ።”

ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር አይደል? እኔን ግን ከፋኝ። “በሰላም ሂድ” ማለት እኮ ሂድ ማለት ነው! ወደዚያች ከተማ ከመጣሁ ወዲህ ሰው “ያዝ” ያለኝ፣ “የማን ልጅ ነህ” ብሎ የተቆጣኝ እዚህ ብቻ ነው። ነገ እናቴ ከሚኒባስ ወርዳ፣ ዙሪያዋን አይታ፣ ያንኑ ሚኒባስ መልሳ ስትሳፈር ታየኝ።

“ጋሼ፣ ቅጡኝ!” አልኩ።

“ምን?”

“በአላህ ይቅጡኝ! አባል አድርጉኝና ቅጡኝ!”

ለቅሶ ላይ ችሎት ተቀመጠ። “አባል የሚሆን ሰው ሰፈሩ ውስጥ ቤት ሊኖረው ይገባል” አለ አንዱ። “ቤት ከሌለው አባል አይሆንም፣ አባል ካልሆነ አይቀጣም፣ ካልተቀጣ ድንኳኑን ማን ይሰፋዋል?” አለ ሌላው። ጥያቄው ከባድ ነበር።

“እኔ ጋ ከኋላ ባዶ ክፍል አለ” አሉ እትዬ ወርቄ የሚባሉ ጎረቤት፣ ጎመኑን ሰፌድ ላይ ትተው የመጡት እሳቸው ናቸው። “እግዜር ያሳያችሁ፣ በቤት ምክንያት ቅጣት ይቅር?”

ጋሽ እንድሪስ ተነሱ። “በሉ መዝግቡት። መጀመሪያ ይመዝገብ፣ ከዚያ ይቀጣ። ሥርዓት ነው።”

እሁድ እናቴን ተቀበልኳት። ዕቃዋን አስገብቼ ክፍሉን ሳስተካክል ጠፋችብኝ። ያችን የታመመ ጉልበት ይዛ የት ልትሄድ ትችላለች ብዬ ስሮጥ፣ ለቅሶ ቤቱ በረንዳ ላይ ከእትዬ ዘሀራ ጎን ተቀምጣለች። የድንኳኑን አንድ ጫፍ ጭኗ ላይ ዘርግታ በወፍራም መርፌ ትሰፋለች፤ ሴቶቹ የትናንቱን እየነገሯት ነው። በነሱ አነጋገር ድንኳኑ ሦስት እጥፍ ከፍ ብሏል፣ የእኔ አሚንም ውጫሌ ድረስ ተሰምቷል። ከሁሉም ጮክ ብላ የምትስቀው እናቴ ናት።

ጋሽ እንድሪስ ሊገስጿት ቀረቡ። “እትዬ፣ ይህ እኮ የልጅዎ ቅጣት ነው። እርስዎ አይመለከትዎትም።”

እናቴ መርፌዋን አቆመች፣ ቅር አላት።

“ምነው ጋሼ! ለእኔ የሚሆን አነስተኛ ቅጣት አጥታችሁ ነው?”

ከዚያ ወዲህ የሰፈሬን አዛውንቶች ጤና በየጠዋቱ እከታተላለሁ። የሳለ ካለ ማር ይዤለት እሮጣለሁ። ግማሹ ፍቅር ነው፤ ግማሹ የምሰሶው ነገር ነው።

አሁን እናንተ። አገር ለውጣችሁ ሰፈር የምትፈልጉ ከሆነ ወለሉን ተዉት። ሰው ተሰብስቦ የሚሠራበት ቦታ ገብታችሁ አንድ ጫፍ ያዙ፤ ከዚያም አንድ ነገር አበላሹ። (ትንሽ ነገር ይሁን፤ ድንኳን አልመክርም።) “ምንም አይደል፣ በሰላም ሂዱ” ካሏችሁ አመስግናችሁ ሂዱ፤ ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ ሰፈራችሁ ግን አይደለም። “ነገ መጥታችሁ ታስተካክላላችሁ!” ብለው ከጮኹባችሁ ግን እዚያው ቤት ጠይቁ። እስቲ በዚህ ቅዳሜ ሞክሩት።