ክቡር አጥኚው እና ሁለት ኢንች

የሚያጠና ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። ተማሪ ማለቴ አይደለም። ጃንጥላ ሊገዛ ወጥቶ፣ ዘንጉን አጥንቶ፣ ጨርቁን አጥንቶ፣ የነፋሱን አቅጣጫ ሳይቀር አጥንቶ፣ በመጨረሻ በስብሶ ባዶ እጁን የሚመለሰውን ሰው ማለቴ ነው። ለምን አልገዛህም ሲባል ውሃው ከአፍንጫው እየተንጠባጠበ «ገና እያጠናሁ ነው» ይላል።

በእኛ ቤተሰብ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት የታናሽ እህቴ ባል ናቸው። በዕድሜ ከእኔ ያንሳሉ። ቢሆንም ይህን ሁሉ ያጠና ሰው አንተ ማለት ድፍረት ስለሚሆንብኝ እዚህ ላይ ክቡር አጥኚው እላቸዋለሁ። የሻይ ማንቆርቆሪያ ሲያጠኑ እህቴ በድስት ውሃ እያፈላች ከረመች። ፍራሽ ሲያጠኑ በየሱቁ እየተጋደሙ ሞከሩ፤ አንዱ ሱቅ ውስጥ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወስዷቸው ባለሱቁ ሊዘጋ ሲል ቀሰቀሳቸው።

«ታዲያ ጥሩ ፍራሽ ነው ማለት ነዋ! ግዛው እንጂ!» አለች እህቴ።

«ደክሞኝ ሊሆን ይችላል። ሳይደክመኝ ሄጄ መተኛት አለብኝ» አሉ።

እንግዲህ መኪና ከፍ ለማድረግ የተነሱት እኚህ ሰው ናቸው።

መኪናዋ ያረጀች ግን ጉልበተኛ ፎርዊል ናት። ከአባታቸው ነው ያገኟት፤ አጥንተው የሚገዟት ቢሆን ኖሮ እስካሁን በእግራችን በሄድን ነበር። በየእሁዱ እሳቸው፣ እህቴ፣ አክስቴና እኔ ከእናቴ የጋዝ ሲሊንደር ጋር ተጭነን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ወዳለው የእናቴ ቤት እንሄዳለን። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ ምሳ የምበላው እሁድ ብቻ ነው። ይህን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። «መንገዴ ስለሆነ ነው» እያልኩ መኪናዋ ውስጥ እገባለሁ። ያ መንገድ ከእናቴ ቤት በቀር የትም አይወስድም።

ችግሩ ዳገቱ ነው። ድንጋይ የሚያመላልሱ የጭነት መኪኖች መንገዱን ግራና ቀኝ ቦርቡረው መሃሉን ጉብታ አድርገው አስቀርተውታል። አራታችን ተጭነን እዚያ ስንደርስ የመኪናዋ ሆድ ጉብታው ላይ ቁጭ ይላል። ጎማው ይሽከረከራል፤ አክስቴ ጸሎት ትጀምራለች። መፍትሔው አንድ ሰው መውረድ ነው። አክስቴን ጉልበቷ አይፈቅድላትም፤ እህቴ ድስት ታቅፋለች፤ ክቡር አጥኚው ይነዳሉ። የሚወርደው ማን እንደሆነ እንግዲህ ይታወቃል። እኔ ስወርድ መኪናዋ እፎይ ብላ ከፍ ትልና ታልፋለች፤ እኔም ሱሪዬን ሰብስቤ በእግሬ እከተላለሁ።

ክረምቱ ሲቃረብ ነገሩ ከበደ። ጭቃው ከመጣ አንድ ሰው ጭራሽ መቅረት ነበረበት። ማን እንደሆነ ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረም፤ ስለዚህ እኔው ተናገርኩት።

«እኔን ተዉኝ፤ በጋ ሲሆን እመጣለሁ» አልኩ፣ ቀልድ አስመስዬ።

ክቡር አጥኚው መሪውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። ከዚያ «መኪናዋ ከፍ ትበል» አሉ። «ግን መጀመሪያ ይጠና።»

አበቃልኝ አልኩ በልቤ። ማንቆርቆሪያውን አስታወስኩት።

ጥናቱ ተጀመረ። አንድ ኢንች ይሁን? ሁለት? አራት? ከመጠን በላይ ከፍ ያለች መኪና ስትታጠፍ እንዴት እንደምትዘነበል ሊያሳዩን ምሳ ላይ ሳህን በሳህን ላይ ደራርበው አዞሩት፤ ሰላጣው ጭኔ ላይ ተገለበጠ። «አያችሁ? አራት አይሆንም!» አሉ፣ ፊታቸው በራ። ጎረቤታቸው የራሱን መኪና አራት ኢንች አስነስቶ፣ የፊት መብራቱ የሰው ፎቅ መኝታ ቤት ድረስ ያበራል፤ ሚስቱም የምትገባው በርጩማ ላይ ቆማ ነው። ክቡር አጥኚው ሄደው በርጩማውን ለኩት።

ሜትር ከኪሳቸው ጠፍቶ አያውቅም። ከጎማው መሃል ከላዩ እስካለው ፓራፋንጎ ጠርዝ ድረስ ያለውን ርቀት ጠዋትም ማታም ይለካሉ። እህቴ እንደምትለው ከሠርጋቸው ቀን ይልቅ ይህን ቁጥር በቃላቸው ይዘውታል።

የመኪናዋ መካኒክ፣ ምስኪን፣ እሳቸውን ሲያይ መኪና ሥር መግባት ጀምሯል። አንድ ቀን ግን እግሩ ውጭ ቀርቶ ተያዘ።

«ወንድሜ፣ መኪናዋን የሚሸከመው ሞላ ላይ ወፍራም ቀለበት ልደርብልህና በግማሽ ቀን ውሰዳት» አላቸው።

«እሱ ከፍ ያደርጋታል እንጂ አያጠነክራትም። ስትጫን ያው ትተኛለች።»

«እንግዲያው ከሁሉም የሚቀለውን ልንገርህ። አንድ ሰው ቤት ይቅር!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሆዴ ግን አልሳቀም።

መካኒኩ ስቆ ሲያበቃ ቁም ነገሩን ነገራቸው፤ ሞላ የሚመረጠው መኪናዋ ሁልጊዜ በምትሸከመው ክብደት ነው፤ አልፎ አልፎ የሚጫነው አይቆጠርም። ይህን ባይነግራቸው ይሻል ነበር። በማግስቱ ክቡር አጥኚው መላ ቤተሰቡን ግቢ ውስጥ ሰብስበው ሜትራቸውን ይዘው ከጎማው አጠገብ ተንበረከኩ።

መጀመሪያ አክስቴ ገባች። ለኩና ቁጥሩን ጮክ ብለው ተናገሩ።

«ሊሆን አይችልም!» አለች አክስቴ ከውስጥ፣ በታፈነ ድምፅ።

ቀና ብለው ቢያዩ፣ አክስቴ ከበሩ በላይ ያለውን እጀታ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ከወንበሩ ብድግ ብላ ተንጠልጥላለች።

«እትዬ፣ መኪናዋ ውስጥ እስካሉ ድረስ ቢንጠለጠሉም ክብደትዎ አይቀንስም።»

«እንግዲያው ሜትርህ ተበላሽቷል!»

ተራው የእኔ ሆነ። «እኔን አትቁጠረኝ፤ እኔ አልፎ አልፎ ነኝ» አልኩ።

«ግባ፣ ጋሼ» አሉኝ። ገባሁ። ለኩ፤ የእኔን ቁጥር ግን ጮክ ብለው አልተናገሩም። ሜትሩን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱና ሄዱ። ሆድ ባሰኝ። አትቁጠረኝ ያልኩት እኔ፣ የከፋኝም እኔ፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ሰሞን መለዋወጫ ሱቅ ሄድን። መካኒኩም አብሮን መጣ፤ ነገሩ አልቆ ማየት የፈለገ ይመስለኛል። ባንኮኒው ላይ ሁለት ጥንድ ሞላ ተደረደረ። ሁለቱም መኪናዋን ሁለት ኢንች ያነሳሉ።

«ይሄ ለስላሳው ነው» አለ መካኒኩ። «ለሦስት ሰው ይበቃል፤ አልጋ ላይ የተኛህ ነው የሚመስልህ። ይሄኛው ደረቁ ነው፤ ለአራት ሰውና ለዕቃ። ግን ከአሁኑ ልንገርህ፣ ከኋላ አንድ ሰው ከጎደለ ወገብ ያወልቃል። ስለዚህ እውነቱን ንገረኝ፤ ሁልጊዜ የሚጫነው ማነው?»

እኔ «ገና እያጠናሁ ነው» የሚለውን ስጠብቅ ነበር።

«ባለቤቴ፣ እትዬ፣ የእናታችን የጋዝ ሲሊንደር» አሉ፤ ከዚያ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «እና ጋሼ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«ኧረ እኔ እንኳ አልፎ አልፎ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ይሄ ተጠንቷል» አሉኝ፤ ዞር ብለውም አላዩኝ። «ደረቁን አምጣው።»

ከዚህ በኋላ ክቡርነቱም አንቱታውም ይቅር። ወንድሜ ነው።

የመጀመሪያው እሁድ ጉብታው ጋ ስንደርስ እጄ በልማድ በሩን ያዘ። «የት ልትሄድ ነው?» አለችኝ እህቴ። መኪናዋ አራታችንንም እንደያዘች፣ ሆዷን ምንም ሳይነካት፣ ጭቃውን እየረጨች አለፈች። አክስቴ ጸሎቷን አጋምሳ ተወችው።

አንድ እሁድ ግን ጉንፋን ያዘኝና ቀረሁ። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ አክስቴ ናት። «አንተ ሰውዬ! ጭንቅላቴ ከጣሪያው ጋር ሲላተም ዋለ! ሁለተኛ እንዳትቀር!» ብላ፣ እንዴት ነህ እንኳ ሳትለኝ ዘጋችው። ታምሜ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በሚቀጥለው እሁድ ገብቼ ከአክስቴ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ወንድሜ ሞተሩን አላስነሳም። ወረደ፤ ከኋላው ጎማ አጠገብ ተንበረከከ፤ የሜትሩ ድምፅ ተሰማኝ። ከዚያ በመስኮቱ አንገቱን አስገባ።

«ጋሼ፣ መኪናዋ ከፍ ብላለች።»

«ሞላው ይሆናላ።»

«ሞላው አይደለም። ከስተሃል።» ትክ ብሎ አየኝ። «አሁን አንተ፣ በሳምንቱ ውስጥ ምግብ ትበላለህ?»

ይህን ከባለቤቴ ወዲያ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

«ገና እያጠናሁ ነው» አልኩት።

አልሳቀም። ከእህቴ እቅፍ ድስቱን ወስዶ ጭኔ ላይ አስቀመጠውና «እስኪወፍር ድረስ ይሄን እሱ ይያዝ፤ ልኩ ይመጣል» አላት። እሱ ልኩ ያለው የመኪናዋን ከፍታ ነው። ስንመለስ ቤቴ በር ላይ ሲያወርዱኝ ድስቱም አብሮኝ ወረደ። እናቴ ሞልታዋለች፤ እስከ ሐሙስ ይበቃኛል።