ደርሶ መልስ

ጉዞ እያቀደ የማይሄድ ሰው አታውቁም? እንግዲያው ተዋወቁኝ። እዚሁ ሆሳዕና ተቀምጬ የኔፓልን ጉዞ ለድሃም ለሀብታምም ኪስ አቅጄ ጨርሻለሁ።

አንድ ጠዋት ጉራ ልነዛ ብዬ ለጎረቤቴ ለእትዬ አማረች «ሳውዝ ኤዥያ ልሄድ ነው» አልኳቸው። እኛ ከተማ «ሳውዝ» ከተባለ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ የቀረውን ማን ይሰማል? ከሰዓት በኋላ ሰፈርተኛው ሊጸልይልኝ ቤቴን ሞላው፤ ግማሹ እንደ ለቅሶ ቤት አንገቱን ደፍቷል።

«ኧረ ለጉብኝት ነው!» ብዬ በስልኬ የደርሶ መልስ ትኬት ማስታወቂያ ለእትዬ አማረች አሳየኋቸው። ልጃቸው ወደዚያው ወደ ሳውዝ ብሎ ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ሦስት ዓመቱ ነው። ስልኩን ተቀብለው ብዙ አዩት።

«መመለሻም አብሮ ይሸጣል እንዴ?» አሉኝ። «ታዲያ ለልጄ ምነው ሳትነግረው ቀረህ?»