ፊታውራሪውን የካድሁ ቀን

በእኛ አገር ፊታውራሪ ያልወለደው ሰው የለም። ጎንደር ከተማ ካፌ ገብታችሁ ከጎናችሁ የተቀመጠውን ሰው ዘሩን ብትጠይቁት፣ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ አንድ ፊታውራሪ፣ ሁለት ግራዝማችና አንድ ደብር ያስተዳደሩ አለቃ ይቆጥርላችኋል። ገበሬ ቅድመ አያት እንኳ የሚገኘው በስንት ፍለጋ ነው። እኔ ታዲያ ሁልጊዜ የምጠይቀው ነገር አለ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ፊታውራሪ ከነበረ፣ ያን ሁሉ ማሳ ማን አረሰው? ያን ሁሉ ጋቢስ ማን ሸመነው? እስከ ዛሬ የመለሰልኝ የለም።

የእኛም ቤት ከአገሩ አልተለየም። የእኛው ፊታውራሪ ድልነሳ ይባላሉ። ታላቅ ወንድሜ አስማማው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራዬ ብሎ የያዘው እሳቸውን ነው። አራዳ ውስጥ የሐበሻ ልብስ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ ጠዋት ጠዋት ይመጣና ከነጠላው ክምር አጠገብ በርጩማ ስቦ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰክቶ፣ ስልኩን ይጎረጉራል። አንድ ድረ ገጽ አግኝቷል። የጥንት ሰዎችን የጋብቻ መዝገብ ሰብስቦ፣ ስም ሲሰጡት ማን ማንን መቼና የት እንዳገባ ይናገራል። አስማማው የሚፈልገው ፊታውራሪ ድልነሳ የእናታችንን ቅድመ አያት፣ ወይዘሮ ጥሩአየሁን፣ ያገቡበትን መዝገብ ነው። እሱ ከተገኘ ዘራችን በዓለም ፊት ጸደቀ ማለት ነው።

ድረ ገጹ ግን አመለኛ ነው። ገና ከመግባታችሁ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኛ የአባት ስም እንጂ ከልጅ ወደ ልጅ የሚወራረስ የቤተሰብ ስም የለን፤ ይህን ለስልክ ማን ያስረዳዋል? የተጋቡበትን ዓመት ይጠይቃል፤ «በዘመነ ማርቆስ፣ ከጥምቀት ወዲህ» ቢሉት አይገባውም። የተጋቡበትን ቤተ ክርስቲያን ይጠይቃል፤ እነሱ ደግሞ የተጋቡት በሰማንያ ነው፤ በሽማግሌና በዋስ ፊት፣ ዳስ ውስጥ። በዚያ ዘመን መዝገቡ ሰው ነበር። ሚዜውና ዋሱ ሲሞቱ የሚያውቁትን ይዘው ነው የተቀበሩት። አስማማው ሁሉንም እንደ ምንም ሞልቶ ቢልክ፣ ስማቸው በሩቁ የሚመሳሰል የበረዶ አገር ባልና ሚስት አመጣለትና ከሥራቸው «ሌላ ምንም አልተገኘም» አለው።

«አልተገኘም ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ ተቆጣሁ። «ካልተጋቡ እኛ ከየት መጣን?»

«ቀስ ብሎ ይገኛል፣ ዓለሚቱ» አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ስልክ የያዘ ጡረተኛማ ጭራሽ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀልድ ነበር። ቀልድነቱ የቀረው ልጄን ማስተዋልን የደጋው አገር የኮሶዬ ልጅ ደሳለኝ ሽማግሌ ልኮ የጠየቃት ቀን ነው። ልጁ ሸጋ ነው፤ ልጄም ስሙ ሲነሳ ፊቷ ይበራል። የቀረው የደንቡ ነገር ብቻ ነበር። ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ሁለቱ ወገኖች አያት ቅድመ አያታቸውን ወደ ላይ ጠርተው፣ ሰባት ትውልድ ሳይሞላ አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ልጆቹ እህትና ወንድም ናቸው። ሠርግ የለም።

ሽማግሌዎቹ ሳሎኔ ተቀመጡ። አፈ ጉባኤያቸው የደሳለኝ አያት ወንድም፣ አያ ሞላ ናቸው፤ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ፣ ቃል የሚመርጡ ሽማግሌ። እኔ እንደ ወጉ ጓዳ ሆኜ በመጋረጃ እሰማለሁ። አስማማው በሟች አባቷ ፈንታ ቆጠረ። ዓመት ሙሉ ሲለማመደው የኖረውን ነገር በመጨረሻ የሚሰማለት ሰው አግኝቷልና፣ እኔን ብሎ፣ እናታችንን ብሎ፣ አያታችንን ብሎ፣ ቅድመ አያታችንን ውቤን ጠራ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ «የውቤ አባት ፊታውራሪ ድልነሳ!» አለ።

አያ ሞላ ጋቢያቸውን ከአፋቸው ዝቅ አደረጉ።

«ፊታውራሪ ድልነሳ የእኛም ናቸው» አሉ። «እንግዲህ ልጆቹ ዘመድ ናቸው።»

ተነሥተው ሄዱ። ያቀረብሁላቸው ምሳ ሳይነካ ቀረ። ማስተዋል ክፍሏን ዘጋች፤ እህል አልቀምስም አለች። አስማማው ደግሞ ጥፋቱ ገብቶት ስልኩ ላይ ተደፋ። ምናልባት ሁለት ፊታውራሪ ድልነሳ ይኖሩ ይሆናል፣ የጋብቻ መዝገባቸው ቢገኝ ሁለት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው ይታወቃል ብሎ፣ ስሙን እየገለባበጠ ጻፈው። አልተገኘም። ሌላ አገር መርጦ ሞከረ። አልተገኘም። የልጄን ዕድል ከበረዶ አገር መዝገብ ሲለምን አየሁትና አንጀቴ በገነ።

ምክንያቱም እኔ አውቅ ነበር።

እናቴ ጥጥ ስትባዝት አጠገቧ አስቀምጣ ነግራኛለች። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ፊታውራሪውን ያገቡት ሕፃን ልጅ አዝለው ነው። ሕፃኑ ውቤ ነው። አባቱ ቸኮል የሚባል ሸማኔ ነበር፤ በወረርሽኝ ሞተ። ፊታውራሪው ልጁን አሳደጉ፣ በስማቸውም ተጠራ። የእንጀራ ልጅ በአሳዳጊው ስም መጠራቱ በእኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም፤ አባቱ ሸማኔ ሲሆን ግን ማንም አያነሳውም። የሸመነውን ለብሶ ሸማኔውን የሚጸየፍ አገር ነዋ! እናቴ «ለወንድምሽ እንዳትነግሪው» ብላኛለች። «ወንድ ልጅ ዘሩ ከተሰበረበት አይጠገንም።» ለእኔ ግን ነገረችኝ። ሴት ተሰብራ የተፈጠረች መስሏት ይሆናል።

አደራ ከባድ ነው። የልጅ እንባ ደግሞ ከአደራም ይከብዳል። ሽማግሌዎቹ አንድ ጊዜ ተመልሰው እንዲሰሙኝ ላክሁባቸው። መጡ። በዚህ ጊዜ መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁና ከወንዶቹ መሐል ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። አስማማው በዓይኑ ወደ ጓዳ ጠቆመኝ፤ አላየሁትም።

«ፊታውራሪ ድልነሳ የውቤ እንጀራ አባት ናቸው» አልሁ። «የወለደው ሸማኔው ቸኮል ነው። ልጄ የሸማኔ ዘር ናት፤ ከእናንተ ፊታውራሪ ጋር ደም አያገናኛትም።»

አስማማው «አንቺ ሴት!» ብሎ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከእኔ ፈቀቅ ብሎ ተቀመጠ። ደሜ ፈላ።

«ጌታዬ፣ የለበሱትን ጋቢ ማን ሸመነው?» አልሁት። «ፊታውራሪ?»

ፈቀቅ ያለው ሰውዬ ጋቢውን ሲያይ፣ አያ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ሠርጉ እንዲሆንልሽ ያመጣሽው ነገር እንዳይሆን። ለዚህ ምን ማስረጃ አለሽ? መዝገብ አለ? ምስክር አለ?»

ማስረጃ! እናቴ ሞታለች። ስልኩ «አልተገኘም» እንዳለ ነው። ምን ላቀርብ ነው? ግን ንዴት አንዳንዴ ከጠበቃ ይበልጣል።

«አያ ሞላ፣ አንቱ ስንት ዘር ቆጥረዋል» አልሁ። «ዋሽቶ የፊታውራሪ ልጅ የሆነ ሰው አያሌ አይተዋል። ዋሽቶ የሸማኔ ልጅ የሆነ ሰው አንድ እንኳ አይተዋል?»

ሽማግሌው ወደ ላይ ወደ ጣሪያው አዩ፤ ቆጠራቸውን ከወጣትነታቸው ጀምረው የሚያስታውሱ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ሳቁ፤ ጥርስ የጎደለው ሰፊ ሳቅ።

«የለም» አሉ። «በማርያም፣ አንድም የለም።»

ውጪ ወጥተው ተመካከሩ። ሰውዬው ሸማኔ ሸማኔ እያለ ሲያጉረመርም ይሰማኝ ነበር፤ የአያ ሞላ ድምፅ ግን ዋጠው። ሲመለሱ «ደም ካልተገናኘ እኛ ምን አገባን፣ ቀን ቁረጡ» አሉ። ማስተዋል መጋረጃው ኋላ ሆና ስታለቅስ ሰማኋት፤ ይኸኛውን ልቅሶ ወደድሁት።

ሠርጉ ኮሶዬ ሆነ፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጠጁ ግን ያሞቃል። አያ ሞላ ጠጁ ትንሽ ሲሞቃቸው አፋቸውን በጋቢያቸው ከልለው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«እህቴ፣ ፊታውራሪው እኮ መካን ነበሩ። የእኛውም ቅድመ አያት እንጀራ ልጃቸው ነው። ልጅ ያላት ሴት እያገቡ ያሳድጉ ነበር።»

ብርሌውን አስቀመጥሁት።

«ታዲያ ያን ቀን ምነው ዝም አሉ? ልጆቹ ሊለያዩ አልነበር?»

«ምነው እንዴት እላለሁ!» አሉ፣ ግራ ቀኝ እያዩ። «ሰው ሁሉ ተሰብስቦ!»

እግዜር ያሳያችሁ። ሁለት ልጆች በሌሉ አያት ሊለያዩ ነበር፤ ሽማግሌው ደግሞ እያወቁ ፊታውራሪያቸውን አቅፈው ኮሶዬ ሊገቡ። ዘር ከልጓም ይስባል ይላሉ። የሚስበውስ ዘሩ አይደለም፣ ወሬው ነው። ሠርግ ነውና ዝም አልሁ። ዝም ያልሁት ግን እዚያው ድንኳኑ ውስጥ ብቻ ነው።

አስማማው ሰነበተና ሱቅ መጣ፤ ኩርፊያውም ስልኩም አብረውት አሉ። ድረ ገጹ መዝገብ ለማያገኝለት ሰው የራሱን ዘር ራሱ እንዲጽፍ ይፈቅዳል፣ የጻፈውንም ከመዝገቡ ጋር አብሮ ይፈልግለታል፤ የቤተሰባችን ሐረግ ላይ ፊታውራሪው በትልቁ ተጽፈው ተቀምጠዋል።

«ቸኮልን ጻፈው» አልሁት።

ከመጻፉ በፊት ፈለገው። «አየሽ፣ ምንም አልተገኘም ይላል» አለ፣ ፊቱ ትንሽ ፈካ ብሎ። «ማስረጃ የሌለውን ነገር ብንተወው ምን አለበት?»

«ለፊታውራሪው ማስረጃ ነበረህ?»

መነጽሩን አውልቆ በነጠላዬ ጫፍ ጠረገው።

«እሳቸውንስ ላጥፋቸው?»

«ለምን ታጠፋቸዋለህ? እንጀራ አባት ብለህ ጻፋቸው። የሰው ልጅ አሳድገዋል፤ ከማዕረጋቸው ይልቅ እሱ ያኮራል።»

ጻፈ። የአባት ስም፣ ቸኮል። ሥራ በሚለው ቦታ ላይ ጣቱ ቆመች። ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ሸማኔ ብሎ ጻፈ።

«በል አሁን ፈልገው» አልሁት።

ስሙን አስገብቶ ፈለገው። ተገኘ።