ቅጠሏን ገልብጣት የሚሉት ሆሊራም ኹራ

የሰው ደስታ ሞልቶ ሊፈስ ሲል መነጽሩን አስተካክሎ «አይደለም!» የሚል አንድ ሰው የሌለበት መንደር በምድር ላይ የለም። ቢኖር ዛሬውኑ ዕቃዬን ጠቅልዬ እገባበት ነበር። በሕንድ በብራህማፑትራ ወንዝ ዳር ካሉት መንደሮች ሁሉ ደግሞ ዋነኛው የደረሰው ለእኛ ነው። ክቡር ሆሊራም ኹራ፣ ሊቀ አበባ ዘመንደራችን! ኹራ ማለት አጎት ነው። የማናችንም አጎት አይደሉም፤ የሚቆጡት ግን ሁላችንንም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቢሁ፣ በአዲስ ዓመት በዓላችን፣ ሴቶቻችን ሲጨፍሩ ፀጉራቸው ላይ ኮፖው ይሰካሉ። ኮፖው ዛፍ ላይ የምትበቅል ኦርኪድ ናት፤ ነጭና ሐምራዊ አበባዋ እንደ ቀበሮ ጭራ ይንዠረገጋል። ክፋቱ፣ እዚያው ዛፍ ላይ ቁርጥ እሷን የምትመስል ሌላ ኦርኪድ አለች። ያው ነጭ፣ ያው ሐምራዊ፣ ያው ጭራ። ጤነኛ ሰው ልዩነቱን አያይም፤ ቢያይም ዝም ይላል። ሆሊራም ኹራ ግን «ቅጠሏን ገልብጣት!» ይላሉ። የኮፖው ቅጠል ጫፉ አይጥ የከረከመችው ይመስላል፤ የዚያችኛዋ ለሁለት ተሰንጥቋል። ይህን ማወቄ ራሱ ያናድደኛል። ማን ማወቅ ፈለገ?

ጎረቤቴ ዲፔን የሚወዳትን ልጅ ለትዳር ሊጠይቅ አበባ ይዞ ሄደ። አባትዬው ደስ ብሏቸው የእንግዳውን ታሙል፣ የሚታኘከውን ፍሬ ከነቅጠሉ፣ በሳህን አቅርበዋል። ያኔ ነው ኹራ በአጥሩ በኩል ያለፉት።

«ዲፔን! ይቺ እኮ ኮፖው አይደለችም!»

«አበባ ያልለየ ልጄን በምን ይለያታል?» ብለው አባትዬው ሳህኑን መልሰው ወሰዱት። ሠርጉ ለከርሞ ተላለፈ። ኹራም በሠርጉ ዕለት ከሁሉ ቀድመው ተገኝተው የሩዝ ቂጣ ሲያነሱ ዋሉ።

አንድ ባለሱቅ በነፃ የሰጣቸው የቀን መቁጠሪያ ላይ፣ በቢሁ ወር ገጽ የተሳለችው ያቺኛዋ ሆና ተገኘች። ገጹን ገንጥለው ለባለሱቁ መለሱለት። ወሩን ሙሉ ታዲያ በየማለዳው ደጄን እያንኳኩ «መምህር፣ ዛሬ ስንት ነው?» ሲሉኝ ከረሙ። ከገበያ የፕላስቲክ አበባ ገዝታ የመጣችን ልጅ ግን አልተቆጧትም። «ይቺስ አትዋሽም፤ ፕላስቲክ ነኝ ብላለች» አሉ።

በእኛ መንደር ልማዱ አንድ ነው፦ ጨፋሪዋ አበባዋን ከነቅጠሏ ለኹራ ሳታሳይ ሜዳ አትገባም። ያላለፈች ባዶ ፀጉሯን ትጨፍራለች። ዘንድሮ የወሩን የመጨረሻ ጭፈራ የምትመራው የእኔዋ ልጅ ጆናኪ ነበረች። እስከዚያ ቀን ኮፖው ከየዛፉ ተለቅማ አልቃለች። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ቦርጬ፣ ዛፍ ላይ ወጥቼ አንዲት የቀረች ነቅዬ ወረድኩ። ቅጠሏን ገለበጥኩት። ለሁለት የተሰነጠቀ!

«አባዬ፣ ያቺኛዋ ናት አይደል?» አለች ጆናኪ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ዝም በይ። ሰክተሽ ውጪ።»

ከበሮው ይመታል፤ ሕዝቡ ክብ ሠርቶ ቆሟል። ኹራ ቅጠሉን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ፣ በአውራ ጣታቸው ደባበሱት። ከዚያ ከፍ አድርገው አሳዩና «እውነተኛዋ ኮፖው! ጫፏን እዩልኝ!» አሉ።

ልጄ አለፈች። ከብርዱ ወራት ጀምሮ ኹራ ሻይ ከስኒው ውጪ ሲቀዱ አይቼ ነበር፤ ሐኪም ቤት እንሂድ ስላቸው «ዓይኔን ቢላ አይነካውም» ብለው አሻፈረኝ ብለዋል። ለካ እዚህ ደርሰዋል።

«ኹራ ሳቱ!» ብሎ ሻይ ሻጩ ቲሌስዋር ከት ብሎ ሳቀ። «ኧረ ያቺኛዋ ናት! ስንጥቁ ከዚህ ይታየኛል!»

ይህን ቀን ሃያ ዓመት ጠብቄዋለሁ። «አይደለም» የሚባሉበት ቀን! ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ አበባውን ያወረድኩት እኔ ነኝና። ኹራ ቅጠሉን እንደገና ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«ኮፖው ናት!» አልኩ ጮክ ብዬ። «አንተ ሻይህን አፍላ!»

ከጭፈራው በኋላ ክንዳቸውን ይዤ ወደ ቤት ወሰድኳቸው። መንገድ ላይ ቆሙ።

«መምህር፣ ጭጋግ ብቻ ነው የሚታየኝ። ይህንንም ካጣሁ እኔ ለዚህ መንደር ምኑ ነኝ?»

አንጀቴን በሉት። ማባበል ግን በእሳቸው ዘንድ አይሠራም።

«እንግዲህ ከከርሞ ጀምሮ ዳኛው ቲሌስዋር ነዋ» አልኳቸው።

በሦስተኛው ቀን ጆርሃት ከተማ ሐኪም ቤት ተኝተው ነበር።

የዓይናቸው ፋሻ በተፈታ ማግስት፣ የተማሪዎቼን ፈተና እያረምኩ፣ ከግቢዬ ጩኸት ሰማሁ። ያችን ኦርኪድ ማንጎው ግንድ ላይ አስሬያት ነበር። ክቡርነታቸው ከሥሯ ቆመው ቅጠሏን ገልብጠዋል።

«አንተ ውሸታም! ይቺ ናት ኮፖው? ሕዝብ ፊት አፍህን ሞልተህ! ስንት ዓመት ሙሉ ነው ያስተማርኩህ? አንተን ብሎ መምህር!»

ጎረቤት በየአጥሩ ብቅ ብቅ አለ። ቲሌስዋር ሳይቀር ሻዩን ጥሎ መጣ። ስድቡ እየጨመረ፣ ጣታቸው ደግሞ የስንጥቁን ጫፍ አንዴም ሳይስት እየጠቆመ ነው። ልጄን ወንበር አውጪላቸው አልኳት፤ የሚታረመውን ፈተና አጥፌ አስቀመጥኩና፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ፣

«ኹራ፣ ልዩነቱ የቱ ጋ ነው?» አልኳቸው።