ዳይሬክተሩ ወላጅ አምጡ ሲባሉ

ሌሊት ያየሁት ሕልም እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። የልጄ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር አቶ ደምረው በራችን ላይ ተሰልፈው ነበር። ከኋላቸው መምህራኑ በሙሉ ቆመዋል። በራችንን የሚጠብቀው የጎረቤታችን በግ ነው።

«የረድኤትን እናት ለማነጋገር ነበር» አሉት ዳይሬክተሩ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው።

«ስብሰባ ላይ ናቸው። ሐሙስ ተመለሱ» አለ በጉ።

ስብሰባ ላይ አልነበርኩም፤ እግሬን ዘርግቼ ምስር እለቅም ነበር። ይቺን ቃል እኔም ከዳይሬክተሩ በር ላይ እየሰማሁ ስንት ጊዜ ተመልሻለሁ! ልጄ ረድኤት ስትናገር ትንተባተባለች። የክፍሏ ልጆች አነጋገሯን እያስመሰሉ ይስቁባታል፤ ስመላለስ የከረምኩት ይህን ለመናገር ነው።

አሳዘኑኝና «ይግቡ» አልኳቸው።

«እንዴት ልግባ? ወላጅ ይዘህ ና ተብዬ» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

እውነትም እናታቸው በምርኩዝ እየተደገፉ መጡ። «ልጄ ቤት ውስጥ እንዲህ አይደለም» አሉኝ አሮጊቷ።

ወዲያው ቤታችን መማሪያ ክፍል ሆነ። መምህራኑ ጉልበታቸውን አጥፈው በሕፃናት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ረድኤት ከሰሌዳው አጠገብ ቆማለች። የሚስቁባት ልጆች ሆዳቸውን ይዘው ፊቷ ይንፈራፈራሉ።

«እርጂን! ሳቁ አልቆም አለን። አመመን» አለ አንደኛው።

«ከ... ከ...» አለች ረድኤት።

ሁሉም ጠበቃት። ታክሲዎች ሞተራቸውን አጠፉ። የሰፈሩ ውሾች ጩኸታቸውን አቋረጡ። ቃሏን የሚነጥቃት፣ ቶሎ በይ የሚላት አልነበረም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብላ ጨረሰች።

ልጁ ወለሉን እያየ «ቤት ውስጥ እኔ ላይ መሳቅ ከጀመሩ ወዲህ» አላት።

ረድኤት ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። አቶ ደምረው ጣታቸውን አውጥተው «እኔም ልናገር?» አሉ። እናታቸው ክንዳቸውን ጎተት አደረጉና «መጀመሪያ ስማ!» አሏቸው።

ስልኬ ጮኸ። ነግቷል። ረድኤት ዩኒፎርሟን ለብሳ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች። ስልኩን አነሳሁ። አቶ ደምረው ነበሩ፤ ድምፃቸው ደስ ብሎታል።

«የረድኤት እናት፣ እንኳን ደስ አለዎት! ጉዳዩን አይተን መፍትሔ አገኘንለት። የሚስቁት ልጆች ብዙ ናቸው፤ እሷ ደግሞ አንድ ናት። ታዲያ እሷን ሌላ ትምህርት ቤት ቢያስገቧት አይቀልም?»