ክቡር ሥራ አስኪያጁና እውነት የምትናገረው ሳጥን

በየቤተሰቡ አንድ ስትራቴጂ ያለው ሰው አይጠፋም። ቢሮ ላይኖረው ይችላል፤ ጸሐፊም፣ አንዳንዴም የተተኮሰ ሸሚዝ ላይኖረው ይችላል። ስትራቴጂ ግን አለው። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ፈልጋችሁ ካጣችሁ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

የእኛ ቤት ባለ ስትራቴጂ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። በዕድሜ አሥር ዓመት እበልጣቸዋለሁ፤ ቢሆንም የስም ካርዳቸው ላይ «ዋና ሥራ አስኪያጅ» የሚል ስላለ እዚህ ጽሑፍ ላይ አንቱ ማለት ግድ ሆኖብኛል። ከዋና ሥራ አስኪያጁ በታች አንድም ሠራተኛ የለም። ከበላያቸው ግን እህታቸው አለች።

ክቡርነታቸው የሚያስተዳድሩት አንድ ዕቃ ነው። የልብስ ሳሙና የምታህል፣ ኪስ የምትገባ ሳጥን ናት። አንድ ነገር ላይ አስጠግተው ቁልፏን ሲጫኗት ብርሃን ትረጭና ዕቃው ከምን እንደተሠራ ስልካቸው ላይ ትጽፋለች። ጥጥ ነው ወይስ ናይለን፣ ቆዳ ነው ወይስ ፕላስቲክ፣ ማሩ ማር ነው ወይስ ስኳር ተቀላቅሎበታል፣ ሁሉንም ታውቃለች። ክቡርነታቸው የከተማው ብቸኛ ወኪል ናቸው። ለዚህ ሲሉም አሥራ አንድ ዓመት የሠሩበትን የትምህርት ቤት ላብራቶሪ ለቀቁ።

«ማን ይገዛል አትበሉኝ» ይላሉ ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀስረው፤ «ማን ሳይገዛ ያድራል በሉኝ!»

የመጀመሪያው ስትራቴጂ «ለየቤቱ አንድ አንድ» የሚል ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባዬ አዲስ ቤት ገብቶ ራት ጠራን፤ ክቡርነታቸውም ሳይጠሩ አብረውን መጡ። ባልደረባዬ የምግብ ጠረጴዛውን በመዳፉ እያሻሸ፣ ከአንድ ወጥ ግንድ እንደተሠራ፣ አናጺውም ሲያየው እንዳለቀሰ ይተርክልናል። ክቡርነታቸው ሳጥኗን አስጠጉ። «የእንጨት ብናኝ» ብለው አነበቡ፣ ጠራ ባለ ድምፅ። «በሙጫ የተጨመቀ።» የቤቱ እመቤት ለሁለተኛ ዙር ያነሳችውን የሾርባ ድስት መልሳ ወደ ማድ ቤት ይዛው ገባች፤ ድስቱም እሷም አልተመለሱም።

መንገድ ላይ «ምን ነክቶህ ነው?» ብዬ ጮኽኩባቸው።

«ልክ ነህ ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። ደስ ሊለኝ ሲል ቀጠሉ፤ «የማዘዣ ቅጽ ሳልይዝ መምጣቴ!»

ሁለተኛው ስትራቴጂ ከዚህ የከፋ ነበር። ስሙ «ገዢውን ማንቃት» ነው። ክቡርነታቸው ገበያ ወጥተው በየሱቁ ደጃፍ እየቆሙ፣ ሰው ሊገዛ ያነሳውን ዕቃ በነፃ ይመረምሩ ጀመር። ሐሳቡ ገዢው ተደንቆ ሳጥኗን ይገዛል ነው። ገዢውማ ተደነቀ፤ ተደንቆ፣ አመስግኖ፣ ምንም ሳይገዛ ሄደ። ነጋዴዎቹ ግን ጥርስ ነከሱባቸው። ቀበቶ ሻጩ «እውነተኛ ቆዳ» የሚለው ቀበቶው ፕላስቲክ መሆኑ በሰው ፊት ሲነበብበት፣ በዚያው ቀበቶ ሊገርፋቸው ተነሳ። የጨርቅ ነጋዴዋ ከእጇ በማይለየው የእንጨት መለኪያ እስከ አደባባዩ ድረስ አባረረቻቸው። እኚህን ሴት ገበያው በሙሉ እመት ሜትር ይላቸዋል፤ አባረረቻቸው ያልኩትም በንዴት አንቺ ብያቸው ነው እንጂ እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው።

መዘዙ ለእኛም ተረፈ። ማር ሻጩ ባለቤቴን ከሩቅ ሲያያት ማሰሮውን ይከድናል። «የዛ ሰውዬ እህት አይደለሽ? ቦርሳሽን ክፈቺና ልየው» ይላታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ፎጣ እንኳ የምንገዛው ሌላ ሰፈር ሄደን ነው።

«ሰው እውነት አይገዛም» አልኳቸው አንድ ቀን። «እውነት በነፃ እንኳ ሲሰጡት የሚቆጣ ፍጥረት ነው። ወደ ላብራቶሪህ ተመለስ።» ባለቤቴም ለመነች፤ የታክሲ ሹፌር የሆነው ጎረቤታችንም መከረ። ወይ ፍንክች! ይልቁንስ የመመገቢያ ክፍላችንን ግድግዳ በቢጫ ተለጣፊ ወረቀቶች ሸፍነው፣ «የገበያ ክፍፍል»፣ «የተፎካካሪ ትንተና» እያሉ ይጽፉበት ጀመር። ተፎካካሪ ግን አልነበራቸውም። ማን እብድ ይፎካከራቸዋል?

አንድ እሑድ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ስከፍተው እመት ሜትር ቆመዋል፣ በአንድ እጃቸው መለኪያቸውን፣ በሌላው ቁራጭ ጨርቅ ይዘው። ክቡርነታቸው ከቁርስ ጠረጴዛው ተነስተው ወደ ጓሮ በር ሲያመሩ አየኋቸው።

«ና ወዲህ፣ አልመታህም!» አሉ እመት ሜትር። «ያቺን ጉድህን አምጣት። አከፋፋዩ ንጹሕ ጥጥ ነው ብሎ ሃያ ጣቃ ሊያራግፍብኝ ነው። ከመረከቤ በፊት እወቅልኝ።»

ሳጥኗ አበራች። ስልሳው ፖሊስተር፣ አርባው ጥጥ። እመት ሜትር ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ያን ጊዜም እንዲሁ ነበር ያልከው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ እኮ ጥጥ ነው ብዬ የሸጥኩት ጥጥ ነው ብለው ስለሸጡልኝ ነው፣ ልጄ። እጄ ድሮ ያውቅ ነበር፤ አሁን ጨርቁ በለጠው።»

 ለካ ክቡርነታቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያሳፍሯቸው የኖሩት፣ ከሁሉ በፊት የተታለሉትን ሰዎች ኖሯል። ተነስተው ቢጫ ወረቀቶቹን ከነሙጫቸው ገነጣጠሏቸው፤ የግድግዳው ቀለምም አብሮ ተነሳ። በባዶው ግድግዳ ላይ አንዲት ወረቀት ብቻ ለጠፉ፤ «ሻጭም ገዢ ነው።»

ችግሩ፣ ሳጥኗን የሚሠራው ፋብሪካ መታገሥ ሰልችቶታል። ልዑክ ላከና ቀን ቆረጠ። እስከ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ሃያ ባለሱቆች ሳጥኗን ለመግዛት ካልፈረሙ ውክልናው ለሌላ ሰው ይተላለፋል። ያን ማታ ክቡርነታቸው ለእህታቸው «ይቺን ከወሰዱብኝ፣ የሠራሁት ነገር ምንድነው ብትይኝ የምመልስልሽ የለኝም» ሲሏት ሰማሁ። አንጀቴን በሉት።

ሐሙስ ከሰዓት፣ የነጋዴዎች ማኅበር አዳራሽ። ባለሱቆቹን በመለኪያቸው እየነዱ ያመጧቸው እመት ሜትር ናቸው። የፋብሪካው ልዑክ ክራቫት አስሮ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ክቡርነታቸው ማር መረመሩ፣ ክር መረመሩ፤ ሰዉ ራሱን መነቅነቅ ጀመረ። ይሄኔ ቀበቶ ሻጩ የሳጥኗን የማስታወቂያ ወረቀት እያወዛወዘ ተነሳ።

«የሰውን ስትመረምር ኖረሃል! እዚህ ላይ ‹ሽፋኗ አሉሚኒየም› ይላል። እስቲ ራሷን ሳጥኗን መርምራት!»

ልዑኩ በዓይኑ ጠቀሳቸው። እኔም ሳልኩ። ሌላ ነገር እንዲያወሩ፣ መብራት ጠፋ እንዲሉ፣ ብቻ እንዲተዉት። ክቡርነታቸው ግን ሁለተኛ ሳጥን ከቦርሳቸው አውጥተው የመጀመሪያዋ ላይ አስጠጉ። ስልኩ ወደ እሳቸው ብቻ ዞሯል፤ ያሻቸውን ቢያነቡ ማንም አያይም።

«ፕላስቲክ» አሉ። «ብርማ ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ልዑኩ በርበሬ መሰለ። ቀበቶ ሻጩና ሦስት አራት ሰዎች ወጡ፤ ሌሎቹም ኮታቸውን ማንሳት ጀመሩ። እመት ሜትር ወለሉን በመለኪያው ጓ አደረጉት።

«ተቀመጡ! ለራሱ ዕቃ ያላዳላ ለአከፋፋይ ያዳላል? አምጣ ወረቀቱን፣ ቀድሜ እኔ ልፈርም!»

ተሰለፉ። ማር ሻጩም ሳይቀር ፈረመ። ሰልፉ ሲያልቅ ቆጠርነው፤ አሥራ ዘጠኝ። ደግመን ቆጠርነው፤ አሥራ ዘጠኝ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ብዕሩን አነሳሁና ስሜን ጻፍኩ። ልዑኩ ቀና ብሎ «እርስዎ ምን ይሸጣሉ?» አለኝ። ኑሮዬ ጋዜጣ ላይ በየሳምንቱ መጻፍ ነውና «ወሬ» አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ፤ ሊያልፈኝ ነበር። ክቡርነታቸው ግን ወረቀቱን ወሰዱና ስሜን በአንድ ቀጭን መስመር ሰረዙት።

«ጋሼ፣ ሱቅ እኮ የለህም።»

«አንድ ፊርማ ነው፣ አንተ ሰው!»

«የተባለው ሃያ ሱቅ ነው።»

በጥፊ ላጮላቸው ምንም አልቀረኝ። ልዑኩ ሰዓቱን አየ፤ ለአሥራ አንድ ሃያ ሁለት ደቂቃ ይቀራል። ክቡርነታቸውም አዩ። «ሃያ ሁለት ደቂቃ ብዙ ነው!» ብለው ሳጥኗንና ወረቀቱን አፈፍ አድርገው በሩጫ ወጡ።

ተከትዬ ሮጥኩ፤ አንቱታውንም እዚያው አዳራሹ ውስጥ ረሳሁት። ድምፁን ስሰማ መኝታ ቤት ስገባ የኖርኩ ሰው፣ ቦርሳውን ተሸክሜ፣ ኮቴን ሳልቆልፍ ሮጥኩ። ጫማ ሻጩ አባረረው። ሰዓት ጠጋኙ በሩን በላዩ ላይ ዘጋበት። እሱ ግን ላቡን እየጠረገ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሄዳል፣ «ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም እናቴ፣ ሁለት ደቂቃ አባቴ» ይላል። እንዴት እንደወደድኩት ልነግራችሁ አልችልም። እኔ ብሆን ኖሮ አዳራሹ ውስጥ አሉሚኒየም ብዬ፣ ሃያ አስፈርሜ፣ አሁን ቤቴ እግሬን ዘርግቼ ነበር።

መንገዱ ጥግ ላይ አንዲት አሮጊት የሳሙናና የዱቄት ሱቃቸውን ሊዘጉ፣ የብረት መዝጊያውን በመንጠቆ ወደ ታች እየሳቡ ነው። እሱ ገና ከልብስ ሰፊው ጋር ይከራከራል። ቀድሜው ሮጥኩ፤ መዝጊያውን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«እማማ፣ በፈጠረዎት አይዝጉ!» አልኩ፣ ትንፋሼ እየተቆራረጠ። «ወንድሜ እየመጣ ነው!»