ማዮኔዝ በጉርድ ሾላ

የምግብ አሠራር የሚያስተምሩ ሰዎች ሁሉ አከራይ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ቢኖራቸው ኖሮ «ድብልቁን ለትንሽ ጊዜ አስቀምጡት» ብለው በድፍረት አይናገሩም ነበር። አስቀምጡት... የት? ከማን ዓይን?

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳችሁ። ላገባት የምፈልጋት አልማዝ እንደኔው አስተማሪ ናት፤ ያሳደጓት ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የሚኖሩት አክስቷ ወይዘሮ አሰገደች ናቸው። እሳቸው ደግሞ ሽማግሌ ከመቀበላቸው በፊት አንድ ጥያቄ ነበራቸው። «እሷ ስታስተምር ውላ ደክሟት ስትገባ፣ እሱ እጁን አጣጥፎ ራት ሊጠብቅ ነው?»

መልሱን በተግባር ላሳይ ብዬ ለእሑድ ምሳ ጉርድ ሾላ፣ ከተከራየኋት ክፍል ጋበዝኳቸው። ቡልጋሪያ ተምሮ የመጣ ባልደረባዬ የጥቅል ጎመን ሰላጣ ማዮኔዝ ከሚባለው ማባያው ጋር አስተምሮኛል።

አያችሁ፣ ዘይትና ሎሚ ጠበኞች ናቸው፤ አንድ ሳህን ውስጥ ብታስገቧቸው ጀርባ ተሰጣጥተው ይተኛሉ። የሚያስታርቃቸው የእንቁላል አስኳል ነው። ሁለት አስኳል ከጥቂት ሰናፍጭ ጋር ትመታላችሁ፤ ዘይቱን ጠብ... ጠብ... ታደርጋላችሁ። ከቸኮላችሁ ዕርቁ ይፈርሳል። እኔም ቀበሌ ሱቅ ተሰልፌ ያገኘሁትን ዘይት በሻይ ማንኪያ እያንጠባጠብኩ፣ ክንዴ እስኪዝል መታሁ። እንደ ክሬም ወፈረልኝ። ሎሚና ጨው ጨመርኩበት። ጎመኑንና ካሮቱን እንደ ፀጉር አቅጥኜ ከትፌ ለብቻ አስቀመጥኩ።

ይህን እንደጨረስኩ የቀበሌው ተላላኪ በሩን አንኳኳ። አስቸኳይ ስብሰባ። ከስብሰባ የቀረ ሰው የዘይት ተራው ምን እንደሚሆን እናንተም ታውቁታላችሁ። እግራቸውን ስለሚያማቸው ስብሰባ የማይሄዱትን አከራዬን እትዬ በላይነሽን ለመንኳቸው።

«እትዬ፣ እንግዶቼ ከቀደሙኝ ሰላጣውን ያቅርቡልኝ። ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ያለውን ጎመኑ ላይ ማድረግ ብቻ ነው።»

«ሂድ ልጄ፣ ምን ቸገረኝ።»

ስመለስ የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ከአጥሩ በር ተቀበለኝ። አልማዝና አክስቷ ማዕድ ቀርበዋል። መሐል ላይ ጥሬው ጎመን አለ፤ ጎመኑ ላይ ደግሞ በሽንኩርትና በቃሪያ የተጠበሰ ማዮኔዝ። ያስታረቅኳቸው ሁሉ ተጣልተው እንቁላሉ ረግቷል፣ ዘይቱ ዳር ዳሩን ይዞራል።

እትዬ በላይነሽ ወደ ጥግ ሳቡኝ።

«እንቁላሉን ጥሬውን ጥለኸው ሄድክ። ሰው ፊት እንዳታፍር ብዬ ጨረስኩልህ።»

«እሱ እኮ እንደዚያው ነው የሚበላው።»

«ጥሬውን?»

«ጥሬውን።»

«ለእንግዳ?» አሉና ከንፈራቸውን መጠጡ።

ልብ በሉ፣ እኚህ ሴት ባለፈው በዓል ጥሬ ሥጋ በአዋዜ እያጣቀሱ እኔንም ያጎረሱኝ ሴት ናቸው።

«ይሄን አንተ ነህ የሠራኸው?» አሉ ወይዘሮ አሰገደች ከወዲያ።

አዎ ብል ጥብሱ የኔ አይደለም። አይደለም ብል ደግሞ እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅ ባል ልሆን ነው። ስለዚህ አስተማሪ ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጬ ማስረዳት ጀመርኩ። ከአስኳሉ ተነሥቼ በዘይቱ ጠብታ በኩል ሎሚው ጋ ስደርስ፣ አልማዝ እግሬን በጠረጴዛው ሥር ረገጠችኝ። አክስቷ ግን ጥብሱን በእንጀራ እየጠቀለሉ ይበላሉ።

«ጎመኑንስ ማን ከተፈው?» አሉ በመጨረሻ።

«እሱን እኔ ነኝ፣ ወይዘሮ አሰገደች።»

አንዲት የጎመን ክር አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዟት። አገላበጧት። ከዚያ ወደ አልማዝ ዞሩ።

«ማብሰሉ ላይ ተስፋ የለውም። እጁ ግን ይከትፋል። እንግዲህ ሽንኩርት እየከተፍሽ ማልቀስሽ ቀረ፤ ሽማግሌዎቹ ይምጡ።»

ይኸው ከተጋባን ወዲህ በቤታችን የማለቅሰው እኔ ብቻ ነኝ።